አምስት ፋይል ወደ አንድ

በዚህ ዘመን የብዙ ቤተሰብ ታሪክ በአንድ ደብተር ላይ አይገኝም። አንዱ ልጅ በስልኩ ጽፎ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ጽሕፈት ቤት ወስዶ አስተይቦ በፍላሽ ይይዘዋል፤ ውጭ አገር ያለው በኢሜይል ይልከዋል። ሁሉም "ጽፌዋለሁ እኮ" ይላል። እውነቱን ነው፣ ጽፎታል። ነገር ግን አያት ወይም እናት "እስቲ አንብቡልኝ" ስትል ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ይጠፋል። እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው። የተለያዩ የወርድ ፋይሎችን አንድ ላይ የማድረጉ ሥራ ለእኔ ለጡረተኛዋ ነርስ ደርሶኝ፣ እዚህ ቶጎጫሌ ቁጭ ብዬ ሦስት ወር ያህል ስታገለው ከረምኩ። ቴክኒኩ ሦስት ወር አይፈጅም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ጊዜ የወሰደው ሌላው ነው።

ታሪኩ የ1970 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የተመለሰችው በየካቲት መጨረሻ፣ ከካራማራው ድል ጋር ነው። እናታችን ከዚያ በፊት በነሐሴ ወር ለቀዶ ሕክምና ሐረር ተወስዳ ነበር። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሐረር አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማር ስለነበር አስታማሚዋ ሆንኩ። አባታችን ጅጅጋ የቀረው ከአራት ልጆች ጋር ነው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድ፣ የዘጠኝ ዓመት ሴት፣ የአራት ዓመት ወንድ፣ እና የስምንት ወር ሕፃን። ከተማዋ ልትወድቅ ስትል ልጆቹን ይዞ ወጣ። ሐረር ሲደርሱ ሕፃኑ አብሯቸው አልነበረም። አባቴ "መንገድ ላይ አረፈ" አለ። እናቴ ገና ከአልጋ አልተነሣችም ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር እኛ ቤት አልተወራም።

እናታችን አሁን ዘጠና ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። አዲስ አበባ ከእህቴ ጋር ትኖራለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ "ያ ልጄ የት ነው ያረፈው?" ማለት አመጣች። አባታችን በሕይወት እያለ እሱን እንኳ ጠይቃው አታውቅም። እኛም አንዳችን ለብቻችን በቂ መልስ አልነበረንም። ሁላችንም ግን በየጊዜው የጻፍነው ነገር አለ። አንድ ላይ አድርገን፣ አትመን እናንብብላት ተባለ። በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "እትዬ ትሥራው፣ ጊዜ አላት" ተብሎ ተወሰነ። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አለው ብለው የሚያስቡት ጡረታ ያልወጡ ሰዎች ናቸው።

የእኔ ፋይል ስድስት ገጽ ነው። በ2001 ዓ.ም. አባቴ ባረፈ በወሩ፣ ሲታመም የነገረኝን እንዳልረሳው ብዬ በእጄ ጽፌ ጅጅጋ አንድ ጽሕፈት ቤት ያስተየብኩት ነው። የወንድሜ አራት ገጽ ነው። መምህር ስለሆነ እንደ ትምህርት ዝግጅት ቁጥር እየሰጠ፣ በስልኩ ነው የጻፈው። እህቴ የሒሳብ ሠራተኛ ነች፤ ሦስት ገጽ ብቻ ጻፈች፣ ያልተሰመረበት ቀን ግን የለም። ሚኒሶታ ያለው ታናሻችን ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። የእሱ ፋይል አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው። ከሁላችንም ያነሰ ያየው እሱ ነው፣ ከሁላችንም ያበዛውም እሱ ነው፤ ስለ ጦርነቱ ኋላ ያነበበውን ሁሉ አስገብቶታል።

አምስተኛው ፋይል ሁለት ገጽ ነው፤ ከሐርጌሳ በሶማሊኛ የተጻፈ። የጻፈችው የጅጅጋ ጎረቤታችን ልጅ ናት። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ቤተሰቧ በ1970 የሶማሊያ ጦር ሲያፈገፍግ አብሮ ተሻግሮ ሐርጌሳ ቀረ። በ1980 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ ሐርጌሳ ራሷ ስትቃጠል በተራቸው በዚሁ በቶጎጫሌ በኩል ወደ እኛ ተሰደዱ። እኔ በዚያን ጊዜ የነርስ ዲፕሎማዬን ይዤ ሐርትሼክ መጠለያ እሠራ ነበር፤ በየቀኑ ከማየው ፊት መካከል የእነሱን አላየሁም። የተገናኘነው አሁን በስተርጅና ነው። ቶጎጫሌ ዕቃ ልትገዛ መጥታ "ከጅጅጋ የመጣችው ሲስተር" ብላ ሰው አጠያይቃ በሬን አንኳኳች። ቶጎጫሌ እንዲህ ያለ ከተማ ነው። ጫቱም፣ ሸቀጡም፣ ሰውም በዚህ ያልፋል፤ ከተማው ራሱ በድንበሩ ማዶና ማዶ ሁለት ነው። ያን ቀን ብዙም አላወራንም፤ ሁለታችንም ስናለቅስ መሸ። ከሄደች በኋላ ለልጇ እየነገረች አስጽፋ ላከችልኝ።

ከዚህ በኋላ ነው ሥራው የተጀመረው። አምስቱንም በፍላሽ አድርጌ እዚሁ ከተማ ወደሚገኝ ጽሕፈት ቤት ወሰድኩ። ልጁ ትሑት ነው፤ "ኤዶ፣ ተቀመጪ" ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። አንዱን ፋይል ከፍቶ ሁሉንም ኮፒ ያደርጋል፣ በአዲሱ ላይ ይለጥፋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የእኔን ስድስት ገጽ ሲለጥፍ ግን ጽሑፉ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጠላ ሰረዝና ቅንፍ የተደባለቀበት ትርጉም የለሽ ነገር ሆነ። ልጁ አልደነገጠም። ከላይ እስከ ታች ሁሉንም መረጠና የድሮውን የግዕዝ ፎንት ሰጠው። የእኔ ገጾች ወዲያው ተስተካከሉ። ቶሎ ቶሎ ወደ ታች እያወረደ አሳየኝ፤ ሁሉም የእኛ ፊደል ነው። አትሞ ሰጠኝ።

ቤቴ ገብቼ መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ገጾች ፊደላቸው ግዕዝ ነው፤ ግን አይነበቡም። ቃል የሚመስል አንድም የለም። ለካ ከሐርጌሳ የመጣው ሶማሊኛ ነው፤ ፎንቱ ሲቀየር የላቲኑ ፊደል ሁሉ በግዕዝ ቅርጽ ተሸፍኗል። ልጁ ሶማሊኛ ከእኔ በእጅጉ ይበልጣል፤ አማርኛ ማንበብ ስላልተማረ ግን ግዕዝ ሲያይ የእኔ ጽሑፍ መስሎታል። ሁለታችን ተደምረን ነው አንድ ሙሉ አንባቢ የምንሆነው።

ይህ ነገር በብዙ ቤት ያጋጥማልና ምክንያቱን ልንገራችሁ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የአገራችን ባለሙያዎች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ እየተዋሱ በኮምፒውተር አማርኛ አስጻፉን፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። በእነዚያ የድሮ ፎንቶች በተጻፈ ሰነድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል መለያ ነው፤ ለዓይናችን አማርኛ አድርጎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲነሣ አማርኛው ይጠፋል፤ ፎንቱን በላቲን ጽሑፍ ላይ ስታደርጉት ደግሞ ላቲኑ የግዕዝ ጭምብል ይለብሳል። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ ጽሕፈት ቤቶች በድሮው ፎንት ለዓመታት ስለቀጠሉ፣ የ1990ዎቹ ብቻ ሳይሆን የ2000ዎቹ ሰነዶችም እንዲህ ናቸው። ሶማሊኛ ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. በይፋ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። በእኛ ፋይል ውስጥ ሁለቱ ተገናኙና አንዱ የሌላውን ልብስ ለበሰ።

ደስ የሚለው፣ ጽሑፉ አልጠፋም። ቅርጹ ብቻ ነው የተቀየረው። ሁለቱን ገጾች ብቻ መርጬ የተለመደውን የላቲን ፎንት ስሰጣቸው ሶማሊኛው እንዳለ ተመለሰ። የእኔን የድሮ ገጾች በሚመለከት ግን ፎንት መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም አለ፤ ከዚያ በኋላም ቁጭ ብሎ በዓይን ማረም ያስፈልጋል። ስድስት ገጽ ስለሆነ እኔ በእጄ እንደገና ጻፍኩት። ጣቴ የሪህ ቢሆንም በቀን አንድ ገጽ አያቅተኝም።

ስለዚህ እናንተም ብትጀምሩት በመጀመሪያ ሁሉንም ፋይሎች ሳትነኩ በአንድ ፎልደር ቅዱና አስቀምጡ። ሥራው በቅጂው ላይ ይሁን። ኮፒ እያደረጉ መለጠፍ ለትንሽ ነገር ይሆናል፤ ለብዙ ገጽ ግን ወርድ ራሱ መንገድ አለው። አዲስ ባዶ ገጽ ከፍታችሁ ኢንሰርት የሚለው ውስጥ ግቡ፤ በስተቀኝ ኦብጀክት የሚል አለ፤ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትጫኑ ቴክስት ፍሮም ፋይል ይላል። እሱን ተጭናችሁ ፋይሉን ስትመርጡ ሙሉው ይገባል። ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ መምረጥ ይቻላል፣ ቅደም ተከተሉ እንዲሳካላችሁ ግን አንድ በአንድ አስገቡ። ከአንዱ ወደሚቀጥለው ከመሄዳችሁ በፊት ኮንትሮልን ይዛችሁ ኢንተር ብትጫኑ አዲሱ በአዲስ ገጽ ይጀምራል። ኮፒ አድርጋችሁ የምትለጥፉ ከሆነ ደግሞ ኪፕ ሶርስ ፎርማቲንግ የሚለውን ምረጡ፤ ጽሑፉ የነበረውን ፎንት እንደያዘ ይገባል። ቴክስት ኦንሊ የሚለው በድሮ ፎንት ለተጻፈ አማርኛ መርዝ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስሙ ያታልላል። ሪቪው በሚለው ውስጥ ኮምባይን የሚል አለ። የልጅ ልጄ "አያቴ፣ ይኸው ማዋሃጃው" ብላኝ ነበር። እሱ ግን የተለያዩ ሰነዶችን የሚቀጥል አይደለም። አንድን ሰነድ ሁለት ሰው ሲያርመው የሁለቱን እርማት የሚያገናኝ ነው። በአምስት የተለያዩ ታሪኮች ላይ ቢሞከር ከቀይና ከሰማያዊ ሰረዝ በቀር ምንም አይተርፍም።

ፋይሉ አንድ ሆነ። ጠቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ታናሻችን ከሚኒሶታ ደውሎ "እትዬ፣ አሁን ይሄን ሁሉ አቅልጠሽ አንድ ታሪክ አድርጊው፤ በአንድ ሰው ድምፅ ይጻፍ፣ የተደጋገመው ይውጣ፣ የሚጋጨው ይስተካከል" አለኝ። እህቴ ደግሞ የጻፈችው እንዳይነካ ፈለገች። "የእኔ ሦስት ገጽ ለብቻው ይቁም" አለች። ጅጅጋ ያለው ወንድሜ ጨርሶ ተቆጣ፤ የእህቱን ገጽ አንብቦ "ውሸት ነው" አለ። እሱ ሕፃኑ ያረፈው ቦምባስ ነው ብሎ ጽፏል። እሷ ባቢሌ ነው ትላለች። እኔ አባቴ ያለኝን "መንገድ ላይ" የሚለውን ብቻ ነው የያዝኩት። ልጆቻቸው ሳይቀሩ ግሩፑ ላይ ገብተው ለሁለት ተከፈሉ።

እኔ በዚህ ጊዜ ያሰብኩት ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን የሕመምተኛ ካርድ ነው። ካርድ ላይ የቀን ነርስ ትጽፋለች፣ የማታዋ ትጽፋለች፣ ሐኪሙ ይጽፋል። እያንዳንዱ ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል። የማታዋ ነርስ የቀኗን ጽሑፍ አታጠፋም፤ የሚሰረዝ ካለ በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል፣ የተሰረዘው ግን መነበብ አለበት። ማለዳ ላይ ትኩሳቱ ወርዷል የሚል፣ ቀትር ላይ ወጥቷል የሚል ቢገኝ ማንም "አንዱ ዋሽቷል" አይልም። ሁለቱም ያዩትን ነው የጻፉት። ካርዱን የሚያነብ ሰው በሰዓቱ ቅደም ተከተል ሲያየው ነው ሕመሙ የሚገባው። አንድ ሰው ተነሥቶ ሁሉንም በራሱ ቃል ገልብጦ ቢጽፈውማ ያ ካርድ ሳይሆን ወሬ ነው።

ስለዚህ አላቀለጥኩትም። ለብቻ ለብቻውም አልተውኩትም። የእያንዳንዱን ሰው ጽሑፍ በቦታ በቦታው ቆረጥኩት፤ ጅጅጋ፣ ካራማራ፣ ቦምባስ፣ ባቢሌ፣ ሐረር። በእያንዳንዱ ቁራጭ ራስ ላይ የጸሐፊውን ማንነትና ያኔ የነበረውን ዕድሜ ጻፍኩ፤ "እህት፣ 9 ዓመት" እንደማለት። ለርዕሶቹ በወርድ ውስጥ ሄዲንግ የሚባለውን ከሰጣችኋቸው፣ ቪው ውስጥ ናቪጌሽን ፔን ስትከፍቱ ሁሉም በግራ በኩል ተደርድረው ይታያሉ። ከዚያ አንዱን ርዕስ በማውዝ ይዞ ወደላይ ወይም ወደታች መጎተት ነው፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል። ይህን ባላውቅ ኖሮ እስካሁን ኮፒ እያደረግሁ በሆንኩ ነበር። የገጹም ቁጥር፣ የማውጫውም ነገር በዚያው ይቀላል።

ጥቃቅኑ ሥራም ቀላል አልነበረም። ታናሻችን ሴፕቴምበር 1977 ይላል፣ እኛ መስከረም 1970 እንላለን። እሱ ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት የሚለው በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጅጅጋን አንዱ በ"ጅ" ሌላው በ"ጂ" ይጽፋታል። የምንኖርበትን ከተማማ ተዉት፤ ቶጎጫሌ፣ ቶግ ውጫሌ፣ በሶማሊኛው ቶግ ዋጃሌ፤ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ታፔላዎች እንኳ አይስማሙም። ለእያንዳንዱ የግርጌ ማስታወሻ አደረግሁ። የግርጌ ማስታወሻ ቁርጥራጩ ሲጎተት አብሮ ይሄዳል፤ ቁጥሩንም ወርድ ራሱ ያስተካክለዋል።

ሶማሊኛውን ለማስተርጎም ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ልጅ ተመለስኩ። የእኔ ሶማሊኛ የክሊኒክ ነው፤ የት ያምሻል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ጊዜ አስቀመጠው። ልጁ እያነበበ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። በነገራችን ላይ ሶማሊኛ "ሐ"ን በኤክስ፣ "ዐ"ን በሲ ነው የሚጽፈው። እኛ በፊደል ይዘን በአፍ የጣልናቸውን ሁለት ድምፆች እነሱ በአፋቸው ይዘዋቸዋል። ልጁ ሲያነብ "ወላልከይ" የሚል ቃል ደጋግሞ መጣ፤ ወንድሜ ማለት ነው። "ማንን ነው ወንድሜ የምትለው?" አልኩት። "ሕፃኑን" አለኝ። ሌላ ሰው ገብቶበት ይሆናል ብዬ ጥቂት መስመር ወደላይ አስመለስኩት።

እናቷ ታጠባው ነበር። እናታችን ሐረር ከገባች በኋላ ወንድማችን የፍየል ወተት አልስማማው ብሎ ሲያስመልስ፣ ያቺ ሴት የራሷን ሕፃን ከሚያጠባው ጡቷ ሰጠችው። በእስልምና አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም። በሥራ ዘመኔ ሶማሌ እናቶች ማንን እንዳጠቡ ለልጆቻቸው እየነገሩ ሲያሳድጉ አይቻለሁና ቃሉ በልማድ ያለ ቃል እንዳልሆነ ገባኝ። ወንድሜ ማለቷ ወንድሟ ስለሆነ ነው።

የቀረውን እንዲህ ጽፋለች። በዚያ ምሽት ሦስቱ ልጆች ከሚያውቁት ሰው ጋር በጭነት መኪና ተሳፈሩ፤ ቦታ አልነበረም። ሕፃኑ ተቅማጥ ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አባቴ በእግሩ ወጣ፤ እናቷ "እየጠባ ይሂድ፣ መኪና እስክታገኙ ልሸኛችሁ" ብላ አብራ ወጣች፤ እሷም እናቷን ተከትላ። ሕፃኑን ተራ በተራ አዘሉት። ካራማራ ግርጌ ሲደርሱ ሊነጋጋ ሲል ሞተ። እናቷ ጋርባሳሯን አውልቃ ከፈነችው፤ ከግራር ሥር ቆፍረው ቀበሩት። አባቴ በራሱ ጸሎት ጸለየ፣ እነሱም በራሳቸው። ከዚያ እነሱ ወደ ጅጅጋ ተመለሱ፣ አባቴ ወደ ተራራው ወጣ።

ይህን ቁራጭ ካራማራ በሚለው ርዕስ ሥር አስገብቼ ከላይ ጀምሬ ሳነበው ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ወንድሜ ቦምባስ ያለው፣ አባታችን ባዶ እጁን ሲመጣ ያየው ቦምባስ ስለሆነ ነው፤ ከመኪናው ወርደው የጠበቁት እዚያ ነበር። "ወንድማችሁ አረፈ" ሲባል እዚያው የሆነ መሰለው። እህቴ ቦምባስ ላይ ተኝታ ነበር። ባቢሌ ሲደርሱ ነቅታ "ማሙሽስ?" ብላ ስትጠይቅ አባታችን በእጁ ወደ ድንጋዮቹ አሳይቶ "እዚያ ተኝቷል" አላት። ባቢሌን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የቆመበት አገር ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት አታምንም! ማንም አልዋሸም። የአሥራ ዘጠኙ ገጽ ባለቤት እንኳ አንድ ጠቃሚ ነገር ነበረው። አባታችን ሲመጣ ጫማው በቀይ አፈር ተሸፍኖ እንደነበር ጽፏል፤ የአራት ዓመት ልጅ የሚያየው ጫማ ነው።

የእኔም ስድስት ገጽ ውስጥ ለዓመታት ያልገባኝ አንድ መስመር ነበር። አባቴ በመጨረሻው ሕመሙ "የሰው ልብስ ነው የለበሰው፤ ባለቤቷን ካገኘሻት አመስግኚልኝ" ብሎኝ ነበር። ስለ ራሱ የሚቃዥ መስሎን ነበር። መስመሩን ጎትቼ ከጋርባሳሩ ቀጥሎ አስገባሁት። ባለቤቷ ግን ከሞተች ቆይታለች።

አሁንም የማይስማማ ነገር አለ። ወንድሜ አባታችን ቦምባስ የደረሰው ቀትር ላይ ነው ይላል፤ እህቴ መሽቶ ነበር ትላለች። ሁለቱም እንዳለ ተቀምጧል። ወንድሜ አሁንም ደስ አላለውም፤ ቢሆንም "ውሸት ነው" የሚለውን ቃል አንሥቶታል።

ፋይሉ ሠላሳ አንድ ገጽ ሆነ። በትልልቅ ፊደል አሳትሜ አዲስ አበባ ይዤ ሄድኩ። እህቴ ናት ያነበበችላት፤ ድምፅዋ ከእኔ ይሻላል። እናቴ ጦርነቱን፣ መኪናውን፣ የታናሻችንን ሐተታ ሁሉ ዝም ብላ ሰማች። ካራማራ ላይ ስንደርስ ስለ መቃብሩ የምትጠይቅ መስሎኝ ነበር። "ቆይ፣ ያን ድገሚው" አለች። እህቴ ግራሩን ደገመችላት። "አይደለም፤ የጡቱን" አለች። ተደገመላት። "እስከ መጨረሻው ጠብቷል?" አለች። እህቴ ወደ ወረቀቱ ተመልሳ፣ ተራራው ግርጌ ሳይደርሱ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ እንዳጠባችው የሚለውን መስመር አነበበችላት። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። "እኔ ርቦት የሞተ ነበር የሚመስለኝ" አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌላ ቀን አነበብን።

የሶማሊኛውን ዋና ጽሑፍ ከትርጉሙ ጎን አድርጌ አንድ ቅጂ ወደ ሐርጌሳ በሰው ላክሁ። በሳምንቱ በስልክ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ሁለት እርማት ነበራት። የመጀመሪያው፣ እናቷ ያኔ ታጠባው የነበረው የራሷ ልጅ ወንድ ሳይሆን ሴት ነበረች፤ ዛሬ ሐርጌሳ ሱቅ አላት። ሁለተኛው በጽሑፉ ያልገባ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ እናቷ ተመልሳ ሄዳ፣ ጅብ እንዳያወጣው መቃብሩ ላይ ድንጋይ ጨምራበት ነበር። ፋይሉን ከፈትኩና ካራማራ በሚለው ርዕስ ሥር የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር 9 አድርጌ አስገባሁት፤ የቀድሞው 9 በራሱ ጊዜ 10 ሆነ።